ሃሪ ዲን ስታንተን፦ የረዳት ተዋናይ ስድሳ ዓመት

ሃሪ ዲን ስታንተን ለስድሳ ዓመት ያህል በአሜሪካ ፊልሞች የሠራ ረዳት ተዋናይ ነበር። በ1926 ኬንታኪ ውስጥ ዌስት አርቫይን በምትባል የገጠር መንደር ተወልዶ በ2017 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ91 ዓመቱ አረፈ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶ በላይ ፊልሞች ላይ ታይቷል። ሽፍታ፣ እስረኛ፣ መካኒክ፣ ሰባኪ፣ ሥራ ፈት አባት፣ የፌዴራል መርማሪ ሆኗል። ፊልሙ ከነሸክሙ በእሱ ትከሻ ላይ የወደቀባቸው ሥራዎች ግን በዋናነት ሁለት ናቸው፤ አንዱን በ57 ዓመቱ ሠራው፣ ሌላውን ዘጠና በሞላው ሰሞን።

ከእነዚህ ሁለት ፊልሞች ውጭ ያለው ረጅም ዘመኑ ስለ ትወና ሙያ ከብዙ ኮከቦች ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። ለኮከብ ታሪኩ በልኩ ይጻፍለታል። ረዳት ተዋናይ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል። ከየት እንደመጣ የሚነግረው፣ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ተመልካቹን «ይህ ሰው ከዚህ በፊትም ኖሯል፣ ከዚህ በኋላም ይኖራል» ማሰኘት አለበት። ስታንተን በዚህ ሥራ የተካነ ሰው ነበር።

በሆሊዉድ የስቱዲዮዎች ዘመን፣ በተለይ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ተዋንያንን በውል ቀጥረው ያቆዩ ነበር። ከኮከቦቹ ጎን ዳኛ፣ መጠጥ ቀጂ፣ ሸሪፍ፣ ነዝናዛ አክስት፣ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ እየሆኑ በየፊልሙ የሚመላለሱ ተዋንያን ነበሩ። ተመልካቹ ፊታቸውን ባየ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ!» ይላል፤ ስማቸውን ግን አያውቀውም። የኦስካር ሽልማት ለረዳት ተዋንያን የራሳቸውን ዘርፍ የከፈተው በ1937ቱ ሥነ ሥርዓት ነው። በወንዶች የመጀመሪያው ተሸላሚ ዋልተር ብሬናን በአምስት ዓመት ውስጥ በሠራቸው ሦስት ፊልሞች ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ያም ሆኖ ለመሪ ተዋንያን ሐውልት ሲሰጥ፣ ለረዳቶቹ ለዓመታት የሚሰጣቸው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነበር። ሙሉው ሐውልት የደረሳቸው በ1944 ነው። ረዳት ተዋናይዋ ቴልማ ሪተር ስድስት ጊዜ ታጭታ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። ስታንተን ደግሞ ለኦስካር ታጭቶ እንኳ አያውቅም።

እሱ ሆሊዉድ የደረሰው የስቱዲዮ ውል እየፈረሰ፣ ቴሌቪዥን እየተስፋፋ በነበረበት በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በየሳምንቱ የሚተላለፉት የካውቦይ ተከታታይ ድራማዎች ሁልጊዜ አዲስ ሽፍታ ይፈልጉ ነበር። ሸሪፉ ለዓመታት ሲቆይ ሽፍታው በክፍሉ መጨረሻ ላይ ይሞታልና። ቀጭን፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል የኬንታኪ ሰው ለዚህ ገበያ የተመቸ ነበር። «ጋንስሞክ» በተባለው ድራማ ላይ ብቻ የተለያዩ ሰዎችን ሆኖ ደጋግሞ ታይቷል። ሃሪ ስታንተን የሚባል ሌላ ተዋናይ ስለነበር፣ በእነዚያ ዓመታት በፊልሞቹ ላይ የሚጻፈው ስሙ «ዲን ስታንተን» ነበር። ሙሉ ስሙን እንኳ ለብቻው ያገኘው ከጊዜ በኋላ ነው።

የእንዲህ ያለ ተዋናይ ኑሮ በአንድ ፊልም ክፍያ አይቆምም። በ1960 የተዋንያን ማኅበሩ ባደረገው የሥራ ማቆም አድማ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሠሩ ፊልሞች ለቴሌቪዥን ሲሸጡ ተዋንያኑ ድርሻ እንዲያገኙ ስምምነት ተደረሰ። በዚያው ስምምነት የጡረታና የጤና ፈንድ ተቋቋመ። ለኮከብ ይህ ትርፍ ነው፤ በአንድ ፊልም ጥቂት ቀን ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን በሥራና በሥራ መካከል ያለውን ባዶ ወር የሚያሻግር ገንዘብ ነው። ስለ ትወና ጥበብ የሚጻፉ መጻሕፍት ይህን ሲዘሉት ይገርማል። የስታንተን ዓይነት ሰው ለስድሳ ዓመት በሙያው ላይ መቆየት የቻለው በተሰጥኦ ብቻ አልነበረም።

አባቱ የትምባሆ ገበሬና ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቤተሰቡ የሚኖርበት አካባቢ የባፕቲስት ሃይማኖት የጠነከረበት ነው፤ ስብከትና መዝሙር የልጅነቱ ድምፆች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ባሕር ኃይል ገብቶ፣ ታንክና ጥይት በምታመላልስ «ኤልኤስቲ 970» በተባለች መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆኖ ሠራ። መርከቧ በ1945ቱ የኦኪናዋ ውጊያ ላይ ነበረች። ከጦርነቱ ሲመለስ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጋዜጠኝነትና የሬዲዮ ሙያ አጠና። በዩኒቨርሲቲው ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በፓሳዴና የቴአትር ትምህርት ቤት ሠለጠነ። ከዚያም ከወንዶች መዘምራን ቡድን ጋር እየዞረ ዘፍኗል። ሙዚቃ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ ከትወናው ጎን የማይለየው ሁለተኛ ሙያው ሆኖ ቀረ። «ኩል ሃንድ ሉክ» በተባለው የ1967 ፊልም ላይ ጊታር ይዞ መንፈሳዊ መዝሙር የሚዘምረው እስረኛ እሱ ነው።

ስለ ሙያው ሲጠየቅ ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ምክር ነበር። ምክሩን የሰጠው ተዋናዩ ጃክ ኒኮልሰን ነው። ሁለቱ በሎስ አንጀለስ አንድ ቤት የተጋሩ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ኒኮልሰን በ1962 ሲያገባ ሚዜው ስታንተን ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሞንቴ ሄልማን ያዘጋጀውን አንድ ርካሽ የካውቦይ ፊልም ሲሠሩ፣ ጽሑፉን የጻፈው ኒኮልሰን ለጓደኛው አንድ ዓይኑን በጨርቅ ያሰረ የሽፍቶች አለቃ ሚና ሰጠው። ምንም እንዳያደርግም ነገረው። ወንበዴነቱን ልብሱ ይናገረዋል፤ አንተ ራስህን ሁን፣ ነው ነገሩ። ስታንተን ትወናን የተረዳው ከዚያ ቀን ወዲህ እንደሆነ ይናገር ነበር።

ይህን ምክር እንደ ወረደ መቀበል ግን አይገባም። ራስን መሆን በቂ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ካሜራ ፊት ያምርበት ነበር። ስታንተን ሲናገር ድምፁን አያነሳም፤ ሲያዳምጥ ግን ፊቱ አያርፍም። ሌላው ተዋናይ የሚናገረውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ይመስላል። መልሱን ከመስጠቱ በፊት የሚያስቀድማት ትንሽ ዝምታ የዘፋኝ ዝምታ ናት፣ ምቱን ያውቀዋል። ይህ ሁሉ በልምምድና በብዙ ትናንሽ ሚናዎች የተገኘ ነው። ሰው ልፋቱን ሲደብቀው የሌለ ይመስላል እንጂ።

ለዚህ የ1979ኙ «ኤሊየን» ጥሩ ማስረጃ ነው። ስታንተን ዳይሬክተሩን ሪድሊ ስኮትን ሲያገኘው የሳይንስ ልብ ወለድም የጭራቅ ፊልምም እንደማይወድ በግልጽ ነገረው። ሚናው ብሬት ይባላል፤ የጠፈር መርከቧ ጥገና ሠራተኛ ነው። ኮፍያውን ደፍቶ፣ የአበባ ሥዕል ያለበት ሸሚዝ ለብሶ፣ ለሚባለው ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት «ልክ ነው» ይመልሳል። ዋና ጭቅጭቁ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ስለሚከፈላቸው ድርሻ ነው። ከዚያ የጠፋች ድመት ሊፈልግ ብቻውን ወደ መርከቧ ሆድ ይገባል። ከላይ ሰንሰለቶች ተንጠልጥለው ይጋጫሉ፣ ውሃ ይንጠባጠባል። ብሬት ኮፍያውን ያወልቅና ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ውሃው እንዲወርድበት ይተወዋል። ለታሪኩ ምንም የማይጨምር እንቅስቃሴ ነው። የደከመው ሠራተኛ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፣ ያ ብቻ ነው። ጭራቁ ከኋላው ሲወርድ ተመልካቹ የሚደነግጠው የሆነ «ብሬት» ስለሞተ ሳይሆን፣ ፊቱን ሲታጠብ ያየው ሰው ስለተወሰደ ነው።

ከዚህም ያነሰ ጊዜ የተሰጠው በዴቪድ ሊንች «ዘ ስትሬይት ስቶሪ» (1999) ላይ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ከአይዋ የሆነ አዛውንት ከታመመ ወንድሙ ጋር ለመታረቅ በሣር ማጨጃ ማሽን ተቀምጦ እስከ ዊስኮንሲን ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አዛውንቱን የሚጫወተው ሪቻርድ ፋርንስዎርዝ ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚያንስ ፊልም ይጓዝ ይጓዝና መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ወንድምየው ስታንተን ነው። ከጎጆው ተደግፎ ይወጣል፣ ሁለቱ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ያቺን ማሽን ያያታል፤ በዚህች ነገር ነው እስከዚህ ድረስ እኔን ልታይ የመጣኸው ብሎ ይጠይቃል። አዎ ይባላል። ሌላ ንግግር የለም ማለት ይቻላል፤ የስታንተን ዓይን እንባ ያቀርራል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ፊልሙ በሙሉ ወደዚህ ሰው ፊት የተደረገ ጉዞ ነውና፣ ያ ፊት ባዶ ቢሆን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ በቀረ ነበር።

የቺካጎው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ይህን ችሎታ ግማሽ በቀልድ ሕግ አድርጎ ጽፎታል። ስታንተን ወይም ኤም. ኤሜት ዎልሽ በረዳትነት የተጫወቱበት ፊልም ፈጽሞ መጥፎ ሊሆን አይችልም፣ ይላል ሕጉ። በኋላ ሕጉ የፈረሰባቸውን ፊልሞች ራሱ ኢበርት ጠቅሷል፤ ሆኖም አባባሉ ከሁለቱ ተዋንያን ስም ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ውዳሴው እንዳለ ሆኖ ስታንተን በሚናዎቹ ረክቶ የኖረ ሰው አልነበረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሳንታ ፌ ከተማ ውስጥ ከጸሐፌ ተውኔቱ ሳም ሼፓርድ ጋር መጠጥ ቤት ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ የሚሰጡት ሚናዎች እንደሰለቹትና ውበት ወይም ስስ ስሜት ያለበት ነገር መሥራት እንደሚፈልግ ነገረው። ሚና ለመለመን ያለው አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሼፓርድ ደወለለት። ለጀርመናዊው ዳይሬክተር ለቪም ቬንደርስ እየጻፈው ባለው ፊልም ላይ ዋናው ሰው እንዲሆን ጠየቀው። «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» እንዲህ ጀመረ።

ፊልሙ ሲከፈት ትራቪስ የሚባል ሰው ቀይ ኮፍያ አድርጎ፣ አቧራ የጠጣ ሙሉ ልብስ ለብሶ በቴክሳስ በረሃ ይሄዳል። የውሃ ጄሪካኑን የመጨረሻ ጠብታ ጨልጦ ይጥለዋል። አንድ ቤት ገብቶ በረዶ ሲቆረጥም ይወድቃል። ከሎስ አንጀለስ የመጣው ወንድሙ ሲያገኘውም አይናገርም፤ ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው የመጀመሪያ ቃሉ የሚሰማው። ለረዳት ተዋናይነት የተፈጠረው ችሎታ ዋናውን ሚና የተሸከመው እዚህ ላይ ነው። ሌላ መሪ ተዋናይ ዝምታውን በፊቱ እንቅስቃሴ ሊሞላው ይሞክር ነበር። ስታንተን ዓይኑን አርቆ ይሄዳል።

ትራቪስ ለአራት ዓመት ያህል ያላየው ልጁ በወንድሙ ቤት ያድጋል። አባት መሆንን ከዜሮ መማር አለበት። የቤቱን ሰው ጫማ ሁሉ ሰብስቦ ይወለውላል። አባት ምን እንደሚመስል መጽሔት ላይ ሲፈልግ የቤት ሠራተኛዋ ልብስ ትመርጥለታለች፣ አረማመድ ታሳየዋለች፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ኮፍያ ደፍቶ ይለማመዳል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልጁ በአንዱ የመንገድ ዳር፣ አባት በሌላው ዳር ሆነው አንዱ የሌላውን እርምጃ እየቀዱ ይሄዳሉ። ተዋናይ ስለ ተዋናይነት ካሳየው ሁሉ ይህ ክፍል ሳይሻል አይቀርም፤ አንድ ሰው ሚናን በልብስና በእግር ሲማር ይታያልና።

ቀረጻው ሲጀመር የታሪኩ መጨረሻ አልተጻፈም ነበር። ሼፓርድ ሌላ ፊልም ላይ ስለነበረ የመጨረሻዎቹን ንግግሮች በስልክ ነው ያጻፈው። ሂዩስተን ከተማ ውስጥ ሴቶች በመስታወት ማዶ ተቀምጠው ለደንበኛ በስልክ የሚያወሩበት ቤት አለ። ትራቪስ የጠፋችውን ሚስቱን፣ ናስታሲያ ኪንስኪ የተጫወተቻትን ጄንን፣ እዚያ ያገኛታል። እሱ ያያታል፣ እሷ አታየውም። ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ይሰጣትና ስለሚያውቃቸው ሁለት ሰዎች አንድ ታሪክ ይጀምራል። እንደ ሦስተኛ ሰው አድርጎ የራሱን ቅናት፣ የራሱን ጭካኔ፣ ቤቱን ያወደመውን እሳት ያወራል። ንግግሩ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም። ጄን ማን እንደሚያወራት ቀስ በቀስ ይገባታል። በካሜራ ፊት ጀርባን ሰጥቶ፣ ድምፅን ሳያነሱ እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር መሸከም «ራሴን ብቻ ነው የምሆነው» ለሚል ሰው የማይመስል ሥራ ነው።

ፊልሙ በ1984 በካን ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ አገኘ። ስታንተን ዳግመኛ ፊልም ባይሠራ እንኳ እንደሚረካ ይናገር ነበር። ዝና በዚህ ጊዜ በሩን አንኳኳ። በዚያው ዓመት የተጫወተበት «ሪፖ ማን» ወጣ፤ በ1986 «ፕሪቲ ኢን ፒንክ» ላይ የተከፋ አባት ሆኖ ወጣቶች ለመዱት፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተባለውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም በእንግድነት መራ። ዘፋኟ ዴቢ ሃሪ ስሙን በዘፈን አነሳችው። የመሪ ተዋናይ ሚና ግን አልተከታተለም። ስልሳ ሊሞላው ለተቃረበ፣ ፊቱ የተሸበሸበ ሰው ሆሊዉድ ታሪክ አይጽፍም። እሱም ተመልሶ ወደ ትናንሽ ሚናዎቹ ገባ።

እነዚያ ሚናዎች ሲደረደሩ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። ስታንተን በእግዚአብሔር እንደማያምን በግልጽ የሚናገር፣ ወደ ቡድሂዝምና ታኦ አስተሳሰብ ያዘነበለ ሰው ነበር፤ ሆኖም ከሃይማኖት ሰዎች ሚና አልወጣም። በጆን ሂውስተን «ዋይዝ ብለድ» (1979) ዓይነ ስውር መስሎ የሚሰብክ አጭበርባሪ ነው። በማርቲን ስኮርሴዚ «ዘ ላስት ቴምፕቴሽን ኦቭ ክራይስት» (1988) ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። ከ2006 ጀምሮ በታየው «ቢግ ላቭ» ተከታታይ ድራማ ላይ ብዙ ሚስቶች ያሉት፣ ነቢይ ነኝ ባይ ጨካኝ አለቃ ሮማን ግራንት ነው። ሦስቱም ድምፃቸውን ሳያነሱ ሰውን የሚገዙ ናቸው። የኬንታኪው ልጅ እምነቱን ቢተወውም የስብከቱን ዜማ አልረሳውም ማለት ነው።

የዕለት ኑሮው ቀላል ነበር። አግብቶ አያውቅም። ለብዙ ዓመታት በሎስ አንጀለስ ኮረብታ ላይ በሞልሆላንድ ድራይቭ ብቻውን ኖረ። ሲጋራ ያጨሳል፣ የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ይሞላል፣ በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ያያል። ማታ ማታ ዳን ታናስ በሚባለው ምግብ ቤት ባንኮኒ ላይ ይገኛል። ከባንዱ ጋር በትናንሽ ክለቦች ሃርሞኒካ እየነፋ የሜክሲኮና የገጠር ዘፈኖችን ይዘፍናል። በ1996 ዘራፊዎች ቤቱ ገብተው አስረውት መኪናውን ወስደዋል። የታወቀ ፊት ይዞ ያለ አጃቢ መኖር ይህም አለበት።

ስዊዘርላንዳዊቷ ሶፊ ሁበር በ2012 ስለ እሱ በሠራችው ዘጋቢ ፊልም ላይ ዴቪድ ሊንች ከወረቀት ላይ ጥያቄ ያነብለታል። ራስህን እንዴት ትገልጸዋለህ ሲባል፣ ምንም እንዳልሆነ፣ «እኔ» የሚባል ነገር እንደሌለ ይመልሳል። እንዴት ብትታወስ ትወዳለህ ሲባልም ለውጥ የለውም ይላል። ከልቡ እንደሆነ መጠርጠር አይገባም፤ ግን ይህ ሰው በሳንታ ፌ መጠጥ ቤት ስለ ሚናው ያማረረው ያው ሰው መሆኑም አይዘነጋ። ዝናን መናቅና ጥሩ ሥራ መመኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስታንተን የመጀመሪያውን ይንቃል፣ ሁለተኛውን እስከ መጨረሻው ይፈልጋል።

የመጨረሻው ዕድል «ላኪ» ሆኖ መጣ። ዳይሬክተሩ ጆን ካሮል ሊንች ራሱ የረዳት ሚናዎች ተዋናይ ነው፤ ከዴቪድ ሊንች ጋር ዝምድና የለውም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የስታንተን የረጅም ጊዜ ረዳት ነበር። ስለዚህ ሚናው በልኩ ተሰፋ። ላኪ በአንዲት የበረሃ ከተማ ብቻውን የሚኖር፣ በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይል ወጥ ቤት የነበረ፣ ማመን የማይችል፣ ሞትን የሚፈራ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነው። ጠዋት አካሉን ያፍታታል፣ ወተት ይጠጣል፣ መስቀለኛ ቃላት ይሞላል። «ኤሊየን» ላይ አብሮት የነበረው ቶም ስኬሪት እንደ አሮጌ ወታደር መጥቶ ስለ ጦርነቱ ያወጋዋል። አንድ የልጅ ልደት ላይ ደግሞ ላኪ ሳይታሰብ በስፓኒሽ ዘፈን ይጀምራል፤ ድምፁ ይሰበራል፣ በድግሱ ላይ ያሉት ሙዚቀኞች ይከተሉታል። ብዙ ተቺዎች ስታንተን ራሱን ተጫወተ አሉ። እውነት ነው፤ ለዚያ ግን የስድሳ ዓመት ልምምድ አስፈልጎታል።

ስታንተን ያረፈው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2017 ሲሆን «ላኪ» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተከፈተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በ«ትዊን ፒክስ» አዲስ ምዕራፍ ላይ የተጎታች ቤቶች ሰፈር ኃላፊ ሆኖ ታይቷል። በኬንታኪዋ ሌክሲንግተን በ2011 በስሙ የፊልም ፌስቲቫል ተጀምሯል። ሥራውን ለማያውቅ ተመልካች ከ«ፓሪስ፣ ቴክሳስ» መጀመር ይመከራል፤ ቀጥሎ «ላኪ»ን ማየት። ከዚያ ወደ «ኤሊየን» ተመልሶ ብሬት ኮፍያውን የሚያወልቅባትን ደቂቃ ደግሞ ማየት ነው።